ጁገል ውስጥ መኖር፦ ጌይ ጋር፣ ጎረቤትና ሚራስ



ሐረር የሚመጣ አዲስ ተማሪ ብዙ ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ጁገልን ይጎበኛል። ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ ይወርዳል፣ በመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎቹ መሐል ያልፋል፣ ከባህላዊ ቤቶቹ አንዱን ገብቶ ቀዩን ነደባ ፎቶ ያነሳል፣ ለመግሪብ ወደ ጊቢ ይመለሳል። እኛም እንደዚሁ ነበር ያደረግነው። ኋላ ላይ ግን ከመሐላችን አንዳንዶቹ ከጊቢ ወጥተን ጁገል ውስጥ ክፍል ተከራየን። ሌሎቻችን ደግሞ እዚያው ተወልደን ያደግን ነን። ቤቱን መጎብኘትና ቤቱ ውስጥ መኖር በጣም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያየነው ያኔ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳን ግን ከጀመዓችን አንዲት እህት ያቀረበችው ጥያቄ ነው። የአያቷ ቤት ትልቅ ጌይ ጋር ነው። አያቷ ካረፉ ቆይተዋል፤ ሚራሱ አልተከፈለም። ከወራሾቹ ግማሾቹ ውጭ አገር ናቸው፣ አንዲቱ አክስቷ ቤቱ ውስጥ ትኖራለች፣ ጣሪያው ደግሞ በየክረምቱ ያፈሳል። «አክስቴ ልጠግን ስትል ሌሎቹ ቆይ ይላሉ፤ ሌሎቹ እንሽጠው ሲሉ አክስቴ ታለቅሳለች። ሸሪዓው ምን ይላል?» አለችን። እኛ ሙፍቲ አይደለንም። የጠየቅናቸው ኡስታዞችና የሰፈሩ ሽማግሌዎች የነገሩንን፣ አንብበን ያገኘነውንም ጨምረን እናስረዳለን። የራሳችሁ ጉዳይ ሲኖራችሁ ወደ ዓሊም ወይም ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሂዱ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። ጁገል የምንለው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ባሳነጹት ግንብ የተከበበውን ከተማ ነው። የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን በውስጡ ያለው መሬት 48 ሄክታር ያህል ነው። በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ 82 መስጂዶች ተመዝግበዋል። ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከመስጂዶቹና ከቀብር ቦታዎቹ ጋር ልዩ ብሎ የጠቀሰው የመኖሪያ ቤቶቹን የውስጥ አሠራር ነው። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ምንም አይደለም። ጠባብ መንገድ፣ በኖራ የተቀባ ወይም ያልተቀባ የድንጋይ አጥር፣ አንድ የእንጨት በር። ሀብታሙም ድኻውም ለመንገደኛ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የቤቱ ታላቅነት ያለው ወደ ውስጥ ነው። በዘመናችን ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያሳምረው የአጥሩን በርና የፎቁን መስታወት መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ነገር ትንሽ ያሳፍረናል።

የውጭው በር የሚከፈተው ወደ ግቢ ነው። በግቢው ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቤት አለ፤ ዘመዳሞች ወይም ጎረቤታሞች አንድ በር ይጠቀማሉ። ዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተሠራ ነው፤ መደቡ ነደባ ይባላል፣ ቁጥሩም አምስት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው አሚር ነደባ የአባወራው ወይም የተከበረ እንግዳ መቀመጫ ነው። ሰፊው ጊዲር ነደባ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ነው፤ ሐድራውም የሠርግ ጭውውቱም እዚያ ነው። ዝቅ ያለው ጢት ነደባ፣ ትንሹ ማለት ነው። ገብቲ ሐር ነደባ ከበሩ ኋላ ነው። ሱጥሪ ነደባ ደግሞ ከበር ላይ ለቆመ ሰው የማይታይ፣ ስሙም እንደሚለው ድብቁ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ከቤት ቤት ትንሽ ይለያያል፤ ዋናው ሐሳብ ግን አንድ ነው። ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ማንም «እዚህ ተቀመጥ» ሳይለው ቦታውን ያውቃል። ታናሽ ታላቁን ይመለከታል፤ የሸኽ ቦታ ላይ ልጅ አይቀመጥም።

ከዋናው ክፍል ጎን ዴራ የሚባለው ዕቃ ቤትና ኪርታት የምትባለው ትንሽ ክፍል አሉ። ኪርታት ቀድሞ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ነበረች። ከላይ ደግሞ ቃላ የሚባለው ፎቅ አለ፤ በፊት እህልና ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ፣ ዛሬ ብዙ ቤት ውስጥ መኝታ ቤት የሆነ። ጢት ጋር የሚባለው ተጨማሪ ቤት ከጎን ተለጥፎ የሚሠራ ሲሆን፣ ተማሪ የሚከራየው ብዙ ጊዜ እሱን ነው። በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት ጎድጓዶች የዛሬ መደርደሪያ ማለት ናቸው፤ ቁርዓንና ኪታብ ከላይ፣ ሌላው ዕቃ ከታች። የቀረውን ግድግዳ የሴቶቹ እጅ ሥራ የሆኑት ስፌቶችና ከውጭ የመጡ ሳህኖች ይሸፍኑታል። ወለሉና ነደባው በቀይ አፈር የተለቀለቀ ነው። ቀይ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አፈሩ ቀድሞም ያው ነበር የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ከአንድ ቤት፣ ከባልና ሚስት ሰምተናል።

ጁገል ውስጥ ያሉት ትልልቅ ቤቶች ሁሉ ጌይ ጋር አይደሉም። ግብፆች ከተማይቱን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከያዙ ወዲህ፣ ከጨለንቆም በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች ሲበዙ፣ ሌላ ዓይነት ቤት ተጨመረ። ወደ መንገድ የሚያይ፣ የተቀረጸ የእንጨት ሰገነትና ባለ ቀለም መስታወት ያለው። ጎብኚ የሚጎርፍበት የራምቦ ቤት የሚባለውና ራስ ተፈሪ ጫጉላቸውን አሳለፉበት የሚባለው፣ ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ያለበት ቤት የዚህ ወገን ናቸው። እነሱ በእርግጥ ያምራሉ። እኛ ግን የምንናገረው ሰው ስለሚኖርባቸው ነው።

አሁን ወደ መኖር እንምጣ። የጌይ ጋርን አሠራር ያየ ሰው የሱረቱ-ኑርን የፈቃድ መጠየቅ አንቀጽ በድንጋይና በጭቃ ተጽፎ ያገኘዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። አላህ (ሱ.ወ) የራሳችን ወዳልሆነ ቤት ፈቃድ ሳንጠይቅና ለነዋሪዎቹ ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ አዝዞናል፤ ተመለሱ ከተባልንም መመለሱ ለእኛ የጠራ መሆኑን ነግሮናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ዓይን እንዳያይ መሆኑን አስተምረዋል። እሳቸውም የሰው በር ሲደርሱ በሩን ፊት ለፊት ሳይሆን በቀኙ ወይም በግራው በኩል ይቆሙ እንደነበር ተዘግቧል። ጁገል ውስጥ በር ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ መጋረጃ ብቻ ይኖራል። ስለዚህ ተከራዩ ተማሪ ስልኩን እያየ፣ ጓደኛውን አስከትሎ «አለሁ» ብሎ በግቢው ሲገባ፣ ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠቡ ሊሆን እንደሚችል አያስብም። የግቢው ሰው ይህን ጥፋት በአፉ አይናገርም፤ በቀጣዩ ወር «ክፍሉን ለዘመድ ፈልገነዋል» ይላል። ከእኛ አንዱ እንዲህ ተባለ፤ ምክንያቱ የገባውም ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ ከውጭው በር ላይ ቆመን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ሰላምታ እንሰጣለን፣ መልስ እስኪመጣ እንጠብቃለን፣ ሦስት ጊዜ ጠርተን መልስ ካጣን እንመለሳለን። እንግዳ ይዘን ከመጣን ቀድመን እናሳውቃለን። ሰገነት ወይም ቃላ ላይ የምንኖር ደግሞ መስኮታችን ወደ ማን ግቢ እንደሚያይ ማወቅ አለብን። የቤቱ ባለቤት ከፍቶት የኖረ መስኮት ነው ማለት ለእኛ ምክንያት አይሆንም፤ እሱ ለጎረቤቱ ልጅ ነው፣ እኛ እንግዳ ነን።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር እንበል። ቤቱ ቅርስ ነው ማለት ውስጡ ያሉት እናት ቅርስ ናቸው ማለት አይደለም። የአከራያችንን ቤት ውስጥ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ መጫን፣ ስፌቱ ቢያምርም፣ ያልተፈቀደ ቤት መግባት ነው። በዓይን ብቻ ሳይሆን በሺዎች ዓይን።

ውሃ ሌላው ጉዳይ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከተማው ውሃውን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል ነው የሚያመጣው፤ በየሰፈሩም በፈረቃ ይመጣል። ግቢው ውስጥ ያለው ሮቶ የሁሉም ነው። ለውዱእ አንድ ጆግ ይበቃል፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ ባነሰም ውዱእ ያደርጉ ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ የጊቢያችን የወንዶች ዶርም ለማንም አርዓያ አይሆንም፤ ይህን የምንለው ራሳችንን ጭምር ነው።

ጁገል ውስጥ ቤትና ቤት ግድግዳ ይጋራሉ። ይህ ከየትኛውም ነገር በላይ ጎረቤትነትን የሚፈትን ነው። ያንተ ጣሪያ እንጨት የሚያርፈው በእሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ የእሱ ውሃ የሚወርደው በአንተ ግቢ ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ጎረቤቱን በግድግዳው ላይ እንጨት እንዳያሳርፍ እንዳይከለክለው አዝዘዋል። ዑለሞች ትዕዛዙን በሁለት መንገድ አይተውታል። ኢማም አሕመድ ግዴታ ነው፣ ባለ ግድግዳው ጉዳት እስካልደረሰበት ድረስ መከልከል አይችልም አሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ በተመረጠው አቋም ደግሞ መፍቀዱ የተወደደ ነው፤ ነገር ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይደረግም። ሐረር ውስጥ የሚበዛው የሻፊዒይ መዝሀብ ስለሆነ አዛውንቱ ይህን በተግባር ያውቁታል። ሊጠግን የፈለገ ሰው መጀመሪያ ለጎረቤቱ ቡና ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ ነው አናጺ የሚጠራው። አንዳንዴ ነገሩ ወደ አፎቻ ይደርሳል። አፎቻ የሠርግና የለቅሶ መረዳጃ ማኅበር ነው፤ ነገር ግን ሰው በአንድ ነደባ ላይ በየጊዜው ተሰብስቦ ከተቀመጠ የግድግዳም የውሃ መውረጃም ጠብ እዚያው ያልቃል።

ስለ ጥገናው ራሱ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም እህታችን ቤት ያለው ችግር የዚህ ነው። የጥንቱ ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ላዩ በጭቃ ተለስኖ በኖራ ይቀባል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ከእንጨት ማገር ላይ አፈር ተደልድሎ የተጠቀጠቀ። ይህ ቤት በየዓመቱ እንክብካቤ ይፈልጋል። ከክረምት በፊት ጣሪያው ይታያል፣ የተሰነጠቀው ይደፈናል፣ ግድግዳው ኖራ ይቀባል። እንክብካቤው ሲቀር ውሃ ይገባል፤ ውሃ ሲገባ እንጨቱ ይበሰብሳል። ሰው ሲሰለቸው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው በላዩ ላይ አፈር መጨመር ነው። ለጊዜው ማፍሰሱን ያቆማል፤ ክብደቱ ግን በየዓመቱ እየተደራረበ ማገሩን ያጎብጠዋል። ሁለተኛው ሲሚንቶ ነው። ጭቃና ኖራ እርጥበትን ያስወጣሉ፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ግድግዳው ከውጭ ጠንካራ መስሎ ከውስጥ ይፈርሳል፤ አንድ ቀን ልስኑ ከነድንጋዩ ይወርዳል። ቆርቆሮ ያለበሱም ብዙ ናቸው፤ ዝናቡን ይከለክላል፣ ነገር ግን ውሃው ሁሉ በአንድ ቦታ ወደ ጎረቤት ይወርዳል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው።

ቤቱ የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ባለቤቱ እንደፈለገ አይነካውም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለቤት ንብረቱን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ለመጠገንም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ወጪው ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት ሊረዳ እንደሚችልም አዋጁ ያስቀምጣል። እንግዲህ አንዲት ጡረተኛ አክስት በራሷ ወጪ ጠግኚ ተብላ፣ በሲሚንቶ አትጠግኚ ተብላ፣ በጭቃ የሚሠራ አናጺ ደግሞ እየጠፋና ዋጋው እየተወደደ ሄዶባት፣ የቤቱ አንድ ስምንተኛ ብቻ የሷ ሆኖ ስትገኝ፣ ለቅሶዋ ይገባናል። ጎብኚው «እንዴት ያምራል» ሲል ይህን አያይም።

ለምን እዚህ ደረስን? በአንድ ምክንያት አይደለም። በ1940 ዓ.ም. ከኩሉብ እንቅስቃሴ በኋላ በደረሰው እስርና ጫና ብዙ ሐረሪዎች ከተማቸውን ትተው ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/67 ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ የቀረው ትርፍ ተብሎ ተወረሰ። በሚራስ ሁለት ሦስት ቤት የደረሰው ሰው አንዱን ብቻ ይዞ ቀረ። የተወረሱት የቀበሌ ቤት ሆነው በትንሽ ኪራይ ለተለያዩ ቤተሰቦች ተከፋፈሉ፤ አንድ ጌይ ጋር ውስጥ ነደባው ላይ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ቆሞ ሁለት ቤት የሆነበትን አይተናል። የቀበሌ ተከራይ ቢጠግነውም የሱ አይደለም፤ ቀበሌው ደግሞ አይጠግነውም። ከዚያ ወዲህ ያለው ስደት ነው። ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ያለው የሐረሪ ማኅበረሰብ ትልቅ ነው፤ ጅዳና አሜሪካም እንደዚሁ። ቤቱ ግን ሐረር ነው።

የሚራሱ ሒሳብ ራሱ ከባድ አይደለም። ሱረቱ-ኒሳእ ውስጥ ድርሻው ተቆርጦ ተቀምጧል። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቶ አረፈ፤ ወላጆቹ ቀድመውት ሄደዋል። ቀብሩ፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ፣ ልጆች ስላሉት ሚስቱ አንድ ስምንተኛ ታገኛለች። የቀረው ሰባት ስምንተኛ ለልጆቹ ነው፣ ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ እየሆነ። ሁለቱ ወንዶች አራት እጅ፣ ሦስቱ ሴቶች ሦስት እጅ፣ በድምሩ ሰባት እጅ። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት ልጅ አንድ ስምንተኛ፣ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ሁለት ስምንተኛ ይደርሳቸዋል። እዚህ ድረስ አንድ ወረቀት ይበቃል። ችግሩ ሳይከፈል ሲቆይ ነው። እናት ታርፋለች፣ የሷ ስምንተኛ እንደገና ይከፈላል፤ አንዱ ወንድም ያርፋል፣ ሚስቱና ልጆቹ ይገባሉ። በሁለት ትውልድ ውስጥ ከ20 በላይ ሰው አንድ ኪርታትና አምስት ነደባ ላይ ይገናኛል። ግማሹ ቤቱን አይቶት አያውቅም።

ስለዚህ የጠየቅናቸው ኡስታዝ መጀመሪያ የነገሩን ነገር፣ ሰው ካረፈ በኋላ ሚራሱን «ለመከባበር» ብሎ ዓመታት ማቆየት መከባበር አይደለም የሚል ነው። ሐቁ የተቆረጠው በአላህ ነው፤ የማን ስንት እንደሆነ ቶሎ ታውቆ መጻፍ አለበት። ታውቆ ከተጻፈ በኋላ ሁሉም በፈቃዱ ሳይከፋፈል አብሮ ቢያቆየው ምንም አይደለም። ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ናቸው፤ እኛም ስናጣራ የብዙ ቤተሰብ ጠብ የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ከመቀላቀል ሆኖ አገኘነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ቤቱን በድንጋይ መክፈል አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ጌይ ጋርን ለሁለት ስትከፍለው ሁለት ትናንሽ ጌይ ጋር አይሆንም፣ አንድም አይቀርም። ማከራየትና ኪራዩን በድርሻ መካፈል ይቻላል፤ ይህ ሲሆን ውስጡ የምትኖረው ወራሽ ከድርሻዋ በላይ ለያዘችው ሌሎቹ ኪራይ ሊጠይቋት ወይም ይቅር ሊሏት ይችላሉ፣ ይቅር ካሉም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። አንዱ ወራሽ የሌሎቹን ድርሻ በስምምነት መግዛት ይችላል፤ ፊቅህ ውስጥ ተኻሩጅ የሚባለው ነው። ለውጭ ሰው ከተሸጠ የሹፍዓ ጥያቄ ይነሳል፤ ማለትም የጋራ ባለቤቱ ገዢው በገዛበት ዋጋ የመቅደም መብት። ሐነፊዮች ይህን መብት ለጎረቤትም ይሰጣሉ፤ ሻፊዒዮች ለጋራ ባለቤት ብቻ፣ ያውም ቢከፈል ጥቅሙን በማያጣ ንብረት ላይ ይላሉ። ጌይ ጋር ከዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለውን እኛ አንወስንም። ወቅፍም አለ። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ቤቱን ለቁርዓን ጌይ ወይም ለመስጂድ ማዋል፣ ወይም ለዘሩ ወቅፍ አድርጎ እንዳይሸጥ ማሰር። ጁገል ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ነገር ግን ለዘር የሚደረገው ወቅፍ ሴት ልጆችን ለማስቀረት ከተደረገ ሚራስን መሸሽ ስለሆነ ዑለሞች በጥብቅ ያስጠነቅቃሉ።

በአገሪቱ ሕግ በኩል፣ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚወረሰው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ነው። ወራሾቹ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የሚችሉት ሁሉም ወገኖች ሲስማሙ ነው፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ያለ ነው። ቶሮንቶ ያለው ወንድም ካልተስማማ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በተግባር ትልቁ ሥራ ውክልና ማሰባሰብ ነው። ውጭ ያለው ሰው በኤምባሲ ውክልና ልኮ እስኪረጋገጥ ወራት ይሄዳሉ። ስለዚህ በዓል መጠበቅ ይሻላል። ረመዳንና ሸዋል ላይ ብዙው ዲያስፖራ ይመጣል። በተለይ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያልቅ የሚከበረው፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ሹዋሊድ ሲደርስ ጁገል ይሞላል። በዚያ ሰሞን የሚራስ ጉዳይ ከመስጂድ ኢማም ፊት፣ ሁሉም በአካል ባለበት ማንሳት ከአንድ ዓመት የዋትሳፕ ጭቅጭቅ ይሻላል። በዓሉን ያበላሻል ብለው የሚፈሩ አሉ። ያልተከፈለ ሚራስ ግን ካለፈው በዓል ጀምሮ ሲያበላሽ ነው የቆየው።

እህታችን ቤተሰቦች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ባለፈው ሸዋል አያታቸው ይቀመጡበት በነበረው ነደባ ላይ አንድ ኡስታዝና ሁለት የአፎቻ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የእያንዳንዱ ድርሻ ተጻፈ። ውጭ ካሉት ሁለቱ ድርሻቸውን ለአክስቷ በስጦታ ሰጡ፤ አንዱ ልሸጥ አለ፣ ዋጋው ተገምቶ በሦስት ዓመት እንዲከፈለው ተስማሙ። የቀሩት በጋራ ይቆይ አሉ፣ ለጥገናው ደግሞ እያንዳንዱ በድርሻው ልክ ሊያዋጣ ፈረመ። አክስትየው ጢት ጋሩን ለተማሪ አከራይታ ኪራዩን ለጣሪያው ታስቀምጣለች። ተከራዮቹ ከእኛ መሐል ሁለቱ ናቸው። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ማገሩ ሥር ሁለት ጉልት እንጨት ተደግፏል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሳህን የሚያስቀምጠውም ተራ የደረሰው ተከራይ ነው።